የኦስካር ባርናክ ካሜራ፤ ለሥራ ወይስ ለሣጥን?

የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዕድል አለው። አንደኛው በሰው እጅ እያገለገለ መኖር ነው፤ ሁለተኛው ተጠቅልሎ በክብር መቀመጥ ነው። ጋሻ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ ለባለቤቱ ጌጥ ይሆነዋል፤ ማረሻ ግን ተሰቅሎ የከረመ እንደ ሆነ እሱም ይዝጋል፣ ባለቤቱም ይራባል። የፎቶግራፍ ካሜራስ ከጋሻው ወገን ነው ወይስ ከማረሻው? ዛሬ ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአያታችንን ተዝካር ለማውጣት ወደ ጅጋ ሄደን ነበር። ጅጋ ከደንበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ መሆንዋን ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዳሱ ውስጥ የተሰቀለው የአያታችን ፎቶግራፍ ከመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ ተወስዶ የጐላ ስለ ነበር ፊታቸው ደብዝዞ፣ የቀበሌው ማኅተምም ግማሹ ከጉንጫቸው ላይ አርፎ ይታይ ነበር። ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ለቀስተኛው ሁሉ ያንን እያየ መልካቸው ይህ አልነበረም እያለ ያዝን ነበር።

ማታ እንግዳው ከተበተነ በኋላ አጎታችን ከሣጥናቸው ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ካሜራ አወጡ። አጎታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ካሜራውም በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት በሄዱ ጊዜ የገዙት፣ ዞርኪ የሚባለው ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሠርተውበት እንዳይበላሽ በማለት አስቀመጡት። አንድ ቀን የእናታቸውን ፎቶግራፍ ሊያነሡበት ያስቡ ነበር፤ ያ ቀን ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሳይመጣ ቀረ።

በዚያች ሌሊት በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረው የአጎታችን ልጅ፣ አሮጌ ካሜራ የሚሰበስብ ወዳጅ ስለ ነበረው፣ ካሜራው ሳይነካ ለዚያ ሰው ቢሸጥ ደኅና ዋጋ እንደሚያወጣ ነገረን። እኛ ደግሞ ፊልም ገብቶበት ቢሠራበት ይሻላል አልን። አጎታችን ሁለታችንንም ሰምተው ዝም አሉ። ነገሩም ሳይቈረጥ አደረ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ካሜራ ትውልድ ስንመረምር የዞርኪ አያት የሆነውን ካሜራ የሠራውን ሰው የሕይወት ታሪክ አገኘን። ይህ ሰው ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ነው። የሕይወቱን ታሪክ በተመለከትን ጊዜ ለክርክራችን ዳኛ የተገኘ መስሎ ስለ ታየን፣ እነሆ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦስካር ባርናክ ከበርሊን በስተደቡብ በምትገኘው ሊኖ በምትባል የብራንደንቡርግ መንደር ኅዳር 1 ቀን 1879 ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ በርሊን አጠገብ ተዛወረ፤ እሱም በዚያ የረቂቅ መሣሪያ ሥራ የሚማርበት ሙያ ቤት ገባ። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር የእጅ ሙያ የሚማር ወጣት ከመምህሩ ዘንድ ተቀምጦ ብረት መሞረድን፣ ብሎን መቅረጽን፣ የጥርስ ጎማ ማጋጠምን ከታች ጀምሮ ይማር ነበር። ባርናክም የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ በእጁና በዓይኑ የተማረ ሰው ነው። ትምህርቱንም ከፈጸመ በኋላ ከአንዱ ሙያ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1902 ዬና በምትባለው ከተማ በካርል ዛይስ ፋብሪካ ተቀጠረ። ይህ ፋብሪካ በማይክሮስኮፕና በመነጽር ሥራ በዓለም የታወቀ ነው።

ባርናክ ፎቶግራፍ ማንሣት እጅግ ይወድ ነበር። ዬና በጫካና በተራራ የተከበበች ስለ ሆነች በዕረፍቱ ቀን ወደ ቱሪንገን ጫካ እየወጣ የአገሩን መልክ ያነሣ ነበር። ነገር ግን ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው፣ የዚያን ጊዜ ካሜራ ትልቅ ሣጥን ነው። ፊልሙም ፊልም ሳይሆን ወርዱ 13 ቁመቱ 18 ሳንቲሜትር የሆነ የመስተዋት ሰሌዳ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አንዳንድ መስተዋት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ አለ። ሁለተኛውና ዋናው ችግር ግን ከራሱ ከባርናክ ደረት ውስጥ ነበር፤ ባርናክ የአስም በሽተኛ ነበረ። ዳገቱን ለመውጣት የራሱ ትንፋሽ የማይበቃው ሰው፣ ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክሞ መሄድ ፈተና ሆነበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶግራፉን ይተወው ነበር። ባርናክ ግን ሸክሙን ለማሳነስ አሰበ። ትንሽ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቢያጐላው ምን ይከለክላል ብሎ፣ በአንድ መስተዋት ሰሌዳ ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶግራፎችን ለማንሣት ሞከረ። ሙከራው አልሠመረለትም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ቅባት ሻካራ ስለ ነበር ፎቶግራፉ በጐላ ጊዜ እንደ አሸዋ ይበተን ነበር። አሳቡ ግን ከልቡ አልወጣም።

ኤሚል ሜኻው የሚባል የሥራ ጓደኛው ዬናን ትቶ ቬትስላር በምትባለው ከተማ በኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበርና ባርናክን ለጌቶቹ አመሰገነላቸው። ባርናክ ጤናው ስለሚያውከው ሥራውን ለመቀበል ቢያመነታም፣ ላይትሶች ግን ፈቀዱት። ስለዚህ በጥር ወር 1911 የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ሁኖ ሥራውን ጀመረ። እዚህ ላይ ወጣት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ቀጣሪው የተመለከተው የሰውዬውን ትንፋሽ ሳይሆን እጁን ነው።

በቬትስላር ሳለ ባርናክ ስለ ሲኒማ መሣሪያ ይሠራ ነበር። የሲኒማ ፊልም ወርዱ 35 ሚሊሜትር የሆነ፣ በግራና በቀኝ ጠርዙ ቀዳዳ ያለው ረጅም ጥቅልል ነው፤ ከድሮው መስተዋትም የተሻለ ለስላሳ ነበር። የሲኒማው አንዱ ሥዕል 18 በ24 ሚሊሜትር ነው። ባርናክ ፊልሙን አግድም አስኬደና ሁለቱን ሥዕል አንድ አደረገው፤ 24 በ36 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ቀላል የሚመስል ድርብ ዛሬም በዓለም ላይ የፊልም ካሜራ ሁሉ ዋና መለኪያ ነው፤ ፊልም በማይገባባቸው በዘመናዊዎቹ ካሜራዎች ዘንድ እንኳ ሙሉ መጠን የሚባለው ይኸው የባርናክ መጠን ነው።

በ1914 መጀመሪያ ላይ ባርናክ ከእጅ መዳፍ የማይተርፍ የብረት ካሜራ ሠርቶ ጨርሶ ነበር። በኮት ኪስ ይገባል። ፊልሙን የሚያዞረው ቁልፍ የብርሃን መግቢያውንም መጋረጃ አብሮ ስለሚወጥር፣ ሰው ዘንግቶ በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ እንዳያነሣ ያደርጋል። ባርናክም ይህን ካሜራ በመስኮት አልደረደረውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ቬትስላር ገበያ ወጥቶ፣ የክተት ዐዋጅ ሲለጠፍ ሕዝቡ ቆሞ የሚያይበትን ሰዓት አነሣ። በ1920 ወንዙ ሞልቶ ከተማዪቱን ባጥለቀለቀ ጊዜም ጎዳናው ወንዝ ሁኖ ሳለ ሰዎች ሲሸጋገሩ አነሣ። ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ እስኪተከል የማይጠብቅ ነገር ሁሉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፎቶግራፍ ሊነሣ ቻለ።

ካሜራውን በሥራ ላይ በማዋሉ ጉድለቱን አወቀ። በመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ፊልሙ በሚዞርበት ጊዜ መጋረጃው ብርሃን ያስገባ ስለ ነበር ሌንሱን በክዳን መሸፈን ያስፈልግ ነበር። አንድ ሰው ካሜራውን በሣጥን ቢያኖረው ይህ ጉድለት እስከ ዘለዓለም አይታወቅም። ዘወትር በመንገድ ላይ ይዞት ለሚዞር ሰው ግን በየሥዕሉ ያሰለቸዋል። ለሽያጭ በወጣው ካሜራ ላይ ይህ ጉድለት ታርሟል። ማክስ ቤሬክ የሚባለው የፋብሪካው ሊቅ ደግሞ ለትንሹ ፊልም የሚስማማ የጠራ ሌንስ ሠራለት፤ ሥዕሉ ሲጐላ እንዳይደበዝዝ ያደረገው ይኸው ሌንስ ነው።

ሆኖም ካሜራው ለሽያጭ ለመውጣት አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ጦርነቱ አልፎ የጀርመን ገንዘብ በ1923 ዋጋ አጥቶ ነበር። በ1923 ገደማ ለሙከራ ወደ ሃያ የሚደርሱ ካሜራዎች ተሠርተው ለባለሙያዎች ቢታደሉ፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ይህን ትንሽ ነገር እንደ መጫወቻ ቈጠሩት። የፋብሪካው ጌታ ሁለተኛው ኤርንስት ላይትስ ግን በ1924 ከሹማምንቱ ጋር ብዙ ከተማከረ በኋላ፣ በሠራተኞቹ ላይ ሥራ እንዳይጠፋ ጭምር በማሰብ፣ ካሜራው እንዲሠራ ፈረደ። በ1925 የጸደይ ወራት በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ታየ። ስሙም ከፋብሪካው ጌታ ስምና ካሜራ ከሚለው ቃል ተውጣጥቶ ላይካ ተባለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በ1930 ሌንሱ የሚፈታና የሚለወጥ ሆነ፤ በ1932 ርቀት የሚለካው መሣሪያ ከሌንሱ ጋር ተጋጠመ። በዚያው በ1932 ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በማርሴይ ከተማ የመጀመሪያውን ላይካ ገዛ፤ እንዳያብረቀርቅና ሰው እንዳያስተውለው ብሎ ብረቱን በጥቁር ነገር ይሸፍነው ነበር። ሰብሳቢ ቢያየው የሚያለቅስበት ሥራ ነው፤ ለሠራተኛው ግን ትክክል ነበር። በ1935 ደግሞ ጀርመናዊው አልፍሬድ አይዘንሽታት ላይካውን ይዞ ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሊወረን በተዘጋጀበት ዓመት ማለት ነው። ጭቃ የደረቀበትን የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ያነሣበት ፎቶግራፍ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። የዚያ ወታደር ፊት በሥዕሉ ላይ አይታይም፤ እግሩ ግን ጫማ ሳይኖረው ሊዘምት የተነሣውን ሠራዊት ለዓለም አሳይቷል።

ባርናክ በሙከራ ክፍሉ ውስጥ በጸጥታ ሲሠራ ኖሮ፣ በሽታው እየጸናበት ሄዶ፣ ባድ ናውሃይም በምትባለው የጠበል ከተማ ጥር 16 ቀን 1936 ዐረፈ። ዕድሜው 56 ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የሥላሴ ዕለት መሆኑ ነው። በዚያች ዕለት የአገራችን ሠራዊት በሰሜንም በደቡብም በጦር ሜዳ ላይ ነበር፤ የባርናክ ካሜራም በጋዜጠኞች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እዚሁ ነበር።

ከሞተ በኋላ የካሜራው ነገር በሁለት መንገድ ተከፈለ።

አንደኛው መንገድ የሥራ መንገድ ነው። ባርናክ ገና በሕይወት ሳለ በ1934 በካርኮቭ ከተማ ቤተ ሰብ የሌላቸው ወጣቶች ይማሩበት በነበረ የሥራ ማኅበር ውስጥ ላይካን አስመስሎ የተሠራው ፌድ የተባለው ካሜራ በብዛት መውጣት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በ1948 በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ዞርኪ ተከተለ። ላይካ ለመግዛት አቅም ያልነበረው መምህርና ተማሪ በእነዚህ ካሜራዎች ተገለገለ። የአጎታችን ካሜራ ወደ ጅጋ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሣጥን መንገድ ነው። ከሙከራዎቹ ካሜራዎች መካከል ቁጥሩ 105 የሆነውን ባርናክ ለራሱ ይገለገልበት ነበር፤ ስሙም ተቀርጾበታል። በኋላ ለልጁ ሰጠው። ይህ ካሜራ በሰኔ ወር 2022 በቬትስላር በሐራጅ ቀርቦ ከነኮሚሲዮኑ በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ከዚያ በፊት በ2018 የዚሁ ዓይነት ሌላ ካሜራ ያወጣው 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የሌላው ካሜራ ዋጋው 2.4፣ ባርናክ ሲሠራበት የኖረው 14.4 መሆኑን ልብ እንበል። ሰብሳቢዎቹ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉት ካሜራው ሳይነካ በመቀመጡ አይደለም፤ በእውነተኛ እጅ በመሠራቱ ነው። ሣጥኑ የሚያከብረው ሥራውን ነው ማለት ነው።

በዚህ አነጋገራችን ሰብሳቢዎችን የነቀፍን አይምሰል። ባርናክ በ1914 የጨረሰው የመጀመሪያው ካሜራ በቬትስላር ባይጠበቅ ኖሮ የዚህ ጥበብ መነሻ አይታወቅም ነበር። የጥንት ብራና ጠብቆ ያቆየልን ሰው ቢያንስ ያህል ክብር ይገባዋል። እኛ የምንለው፣ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የትኛውን እንደሚገዛ ይወቅ ነው፤ ሁለቱ ግዢዎች አንድ ዕቃ ይምሰሉ እንጂ ሁለት ናቸውና።

ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው የሚመለከተው ቁጥሩን ነው፤ ክፍሎቹ ከፋብሪካ እንደ ወጡ መሆናቸውን፣ ቀለሙ አለመታደሱን፣ ማኅደሩ አብሮ መኖሩን ይመረምራል። በተለይም ከፌድና ከዞርኪ ብዙዎቹ የላይካ ስም እየተቀረጸባቸውና ወርቅ እየተቀቡ እንደ ላይካ የሚሸጡ ስለ ሆኑ ይጠንቀቅ። ብርቅ ያልሆነ ካሜራ ሣጥን ውስጥ ስለ ኖረ ብቻ ብርቅ አይሆንም። ዞርኪ በብዙ መቶ ሺህ የተሠራ ካሜራ ነው።

ለሥራ የሚገዛ ሰው ግን ስለ ቁጥሩ አይጨነቅ። ጀርባውን ከፍቶ ወደ ብርሃን ያሳየው፤ የጨርቁ መጋረጃ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ እንደ ሆነ ሥዕሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ በክረምት እርጥበት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ካሜራ ይህ ያገኘዋል። ዝግተኛው ፍጥነት ሲጫን የሚቆም ከሆነ ዘይቱ ደርቋል። ዞርኪ ከሆነ ደግሞ ፊልሙን ሳያዞር ፍጥነቱን ከቶ አይለውጥ፤ ውስጡ ይሰበራል። ሌንሱን ክፍት አድርጎም ፀሐይ ላይ አያኑረው፤ ፀሐዪቱ በሌንሱ ተሰብስባ መጋረጃውን ታቃጥለዋለች። ፊልም እንደ ቀድሞው በየከተማው አይገኝም፤ ዋጋውም የወር ደመወዝተኛን ያስባል። ስለዚህ በ36ቱ ሥዕል ማንን እንደሚያነሣ አስቀድሞ ያስብ።

ከሁለቱም የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ልሠራበት ነው ብሎ ገዝቶ፣ እንዳይበላሽ ብሎ የሚያስቀምጥ ነው። ሰብሳቢ አይደለም፣ ምክንያቱም ዕቃው ብርቅ አይደለም፤ ሠራተኛም አይደለም፣ ምክንያቱም ሥራው የለም። ካሜራውን ከጭረት አድኖ የእናቱን መልክ ያጣል። ይህን የምንለው በአጎታችን ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም ብንሆን በእጅ ስልካችን ሺህ ፎቶግራፍ ስናነሣ አያታችንን አንድ ቀን በደጃፋቸው አስቀምጠን አላነሣንም፤ በየበዓሉ እየሄድን እንጀራቸውን በልተን ተመለስን እንጂ።

በተዝካሩ ማግሥት አጎታችን ካሜራውን ላለመሸጥ ቈረጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከውጭ አገር በመጣ ወዳጃችን እጅ አንድ ጥቅል ፊልም አግኝተን ወደ ጅጋ ተመለስን። መጋረጃውን ወደ ብርሃን ባሳየነው ጊዜ አራት የመርፌ ቀዳዳ ያህል ተገኘበት፤ አጎታችን ጥቁር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አድርገው ደፈኑት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፊልሙን አስገቡና መጀመሪያ የአያታችንን ታናሽ እኅት በደጃፋቸው ላይ፣ ጥጥ ሲፈትሉ አነሡ። ቀጥሎም ጎረቤቱን፣ ልጆቹን፣ በሬዎቹን አነሡ።

ፊልሙ በታጠበ ጊዜ ከ36ቱ ሥዕል 19ኙ ደኅና ሁነው ወጡ። የቀሩት ብርሃን የገባባቸውና የደበዘዙ ነበሩ። የአያታችን እኅት ፎቶግራፍ ከ19ኙ አንዱ ነው፤ በአንደኛው ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለበት፤ ፊታቸው ግን ሽብሽቡ ሳይቀር ይታያል። ባርናክ ትንፋሹ ስላነሰው የሠራው ካሜራ ዋጋው ይህ ነው ብለን እናምናለን። የእኅትማማቾቹ መልክ እጅግ ይመሳሰል ስለ ነበር፣ ዛሬ በአጎታችን ቤት ከመታወቂያው ሥዕል ጎን ተሰቅሎ የሚያየው ሰው ሁሉ የአያታችንን ፊት ከዚያ ላይ ይፈልጋል።